በማን መስኮት?
‹‹የልጅነታችን ቴሌቪዥን›› በተሰኘው ናፍቆት ላይ የቀረበ ሙግት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በግጥም ምሽቶቻችን፣ በመጽሐፍ ምረቃዎቻችንና በየመድረካችን አንድ ዓይነት ልቅሶ በርክቷል። ጥቁርና ነጩ ቴሌቪዥን ይለቀሳል፤ በጣሪያ ላይ የቆመው አንቴና ይለቀሳል፤ አንቴናውን እያዞረ ‹‹አሁንስ መጣ?›› ብሎ ወደ ቤት የሚጣራው አባት ይለቀሳል። መብራት ድርግም ሲል ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ቆጣሪው የሚሮጠው፣ የተቃጠለውን ምጣድ ገልብጦ ሽቦውን የሚቀጥለው፣ የሬዲዮውን ሆድ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ልጆቹን ‹‹እንዳትነኩ!›› የሚለው አባት በስንኝና በወግ ይዘከራል። ገጣሚው ሲያነብ አዳራሹ ይስቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ዓይኑን ይጠርጋል። ጸሐፊው ወደ መቀመጫው ሲመለስ የአንድ ትውልድን ታሪክ እንደ ተናገረ ሰው ይጨበጨብለታል።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ጭብጨባውን ለመቃወም ነው።

ናፍቆቱን አይቃወምም። ማንም ሰው የአባቱን እጅ የመናፈቅ መብቱ የተጠበቀ ነው። ጠባችን ከሁለት ፊደላት ጋር ነው፤ ‹‹ልጅነታችን›› ከሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ከተለጠፈው ‹‹ችን›› ጋር። ጸሐፊው ‹‹ልጅነቴ›› ቢል ኖሮ ዝም ብለን ባዳመጥነው፣ ጥሩ ከጻፈም ባመሰገንነው ነበር። ‹‹ችን›› ሲል ግን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ሳያማክር ፈርሞባቸዋል። በእነዚህ ወረዳዎች ተወልዶ በዚያው ዕድሜ ያደገን ሰው ባላየው መስኮት ፊት ወስዶ አስቀምጦታል፤ ባላየው ነገርም አብሮ እንዲያለቅስ አዝዞታል። የከፋው ደግሞ ብዙዎቻችን ትእዛዙን መቀበላችን ነው። ከንፋስ መውጫና ከወገዳ ተነሥተው በኪነ ጥበቡ ዓለም ስም ያተረፉ ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው የአዲስ አበባን ልጅ ትዝታ እንደ ራሳቸው አድርገው ሲተርኩ ሰምተናል። የራሳቸውን የት ጣሉት?

እስቲ ነገሩን ከመነሻው እንየው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የተመረጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል መታሰቢያ ስለ ነበረ ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ሥርጭቱ በምሽት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ይቆይ ነበር። ምስሉ ከመዲናይቱ ዙሪያ ርቆ ለመሄድ ዓመታት ፈጅቶበታል። እንግዲህ ዛሬ በሀገር ስም የሚጠራው ትዝታ ሲወለድ የአንድ ከተማ ልጅ ነበር ማለት ነው፤ በከተማይቱም ውስጥ የጥቂት ሳሎኖች ልጅ።

ይህን የምንለው የሠሩትን ሰዎች ለማሳነስ አይደለም። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ከመድረክ የመጡ የቴአትር ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸውንና ፊታቸውን እንደ ልብ የሚያዝዙ። ይሁንና አንድ ነገር ልብ እንበል። ጦጣው፣ ጅቡና ቀበሮው ከስቱዲዮ አልተወለዱም። ተረቱ ከገጠሩ ምድጃ ዳር ተነሥቶ ወደ ከተማው መስኮት ሄደ፤ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው የሚመለስበት መንገድ ግን አልነበረውም። በእስቴ ገጠር ያለችው አያት ተረቷን ለልጅ ልጆቿ ስትነግር ያንኑ ተረት አንድ ሰው በከተማ በመብራት ፊት እየተናገረው መሆኑን አታውቅም ነበር። ትዝታ ጸሐፊዎቻችን አባባ ተስፋዬን ሲያስታውሱ አያቲቱን የረሷት ለዚህ ይመስለኛል፤ እርሷን ያየ ካሜራ የለም።

ቴሌቪዥኑ በተጀመረበት ሰሞን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኃይሉ ለባሕር ዳር ከተማና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ነበር። ካርታ የሚያነብ መምህር ለተማሪዎቹ ከዚያ በታች ያለውን ያሳያቸው። ውኃው ተርባይኑን ካዞረ በኋላ በጥልቁ ሸለቆ ወርዶ በእስቴ እግር ሥር ያልፋል፤ በነባሩ ስማዳ ጠረፍም በሽሎን ይቀበላል። ብርሃኑን ላይ ጥሎ፣ ደለሉን ብቻ ይዞ ያልፋል። ከመካነ ኢየሱስ በታች ያሉ ገበሬዎች የዓባይን ጩኸት እየሰሙ በኩራዝ ራት የበሉባቸው ዓመታት ከአንድ ሰው ዕድሜ ይበልጣሉ። በእነዚህ ወረዳዎች የትናንሽ ከተሞቹን ጥቂት ጄኔሬተሮች ትተን የገጠሩን ቤት ከቆጠርን፣ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ከገባ ከ20 ዓመት በኋላም፣ ከ30 ዓመት በኋላም ቆጣሪ የሚባል ነገር በግድግዳው ላይ አልነበረም። ባልነበረ ቆጣሪ ፊት አባት ሊቆም አይችልም።

ታዲያ የጋይንት አባት ምን ይጠግን ነበር? የዚህ ሙግት ዋና ጉዳይ ይኸው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

ሬዲዮ ይጠግን ነበር። በዚያው በ1957 ዓ.ም. የጀርመን ድምፅ ከኮሎኝ ከተማ በአማርኛ መናገር ጀመረ፤ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ደግሞ በ1975 ተከተለው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከሁሉም ቀድሞ ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሣው ምስል ጉናን ሊሻገር ባልቻለበት ዘመን ከጀርመን የተነሣው ድምፅ በአጭር ሞገድ መጥቶ የስማዳ ጎጆ ውስጥ ይገባ ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ሬዲዮና ጥቂት ባትሪ ድንጋይ ነበር። ሕዝቡ ድንጋይ ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ይከብዳል፣ ሲያልቅም ይወረወራል።

መወርወሩ ግን ቶሎ አይመጣም ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ከሬዲዮው ሆድ ይወጣና ለፀሐይ ይሰጣል። ሙቀቱ በውስጡ የቀረውን ኬሚካል ስለሚያነቃቃው አለቀ የተባለው ድንጋይ ለአንድ ምሽት ዜና ይበቃል። በሁለተኛው ቀን ለግማሽ ዜና። መምህር የነበሩት አባቴ ድንጋዮቹን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አሰልፈው የሚያሰጡበት ጠፍጣፋ አለት ነበራቸው፤ ዶሮ እንዳይገለብጥባቸው የሚጠብቀውም እኔ ነበርኩ። ድንጋዩ አልቅሶ የዛገውን መያዣ በቢላ ጫፍ ይፍቁታል። የሽቦ ጥቅልሉ ላልቶ አልነካ ሲል ከሲጋራ ፓኮ የወጣችውን ብርማ ወረቀት አጥፈው ይሸጉጡበታል። የጣቢያ መፈለጊያው ክር ሲበጠስ በሸማ ድርና በሰም ይተካል፤ ከዚያ ወዲያ ቀዩ ቀስት የሚቆምበት ቁጥርና የሚሰማው ጣቢያ አይተዋወቁም፤ ቤተ ሰቡ ግን ‹‹ዜና ከዚህች ጭረት ትንሽ ወዲህ ነው›› ብሎ ያውቃል። አንቴናው ሲሰበር የመዳብ ሽቦ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ይወጣል። በገበያ ቀን ደግሞ ከእህልና ከጨው ተራ አለፍ ብሎ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ይቀመጣል፤ ብረቱን በከሰል ፍም አግሎ ስታኞ ያቀልጣል። ኤሌክትሪክ በሌለበት አገር የኤሌክትሪክ ዕቃ በእሳት ይጠገን ነበር። በየትኛው ግጥም ውስጥ ነው ይህ የተጻፈው?

በዚያ በተጠገነ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ሲተርክ ተሰምቷል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ምድሩ ጎጃም ነው። ከእስቴ አፋፍ ላይ ቆሞ ከዓባይ ማዶ የሚመለከት ሰው የሚያየው ይህንኑ ጎጃም ነው። ትረካውን የሰማ የእስቴ ገበሬ ልብ ወለድ እንደሚያዳምጥ አልቆጠረውም፤ የጎረቤት ወሬ እንጂ። ለሙሽራይቱ ወገን ሆኖ የሚከራከር ነበር፣ ፊታውራሪውን የሚራገም ነበር። ባለሬዲዮው ደጅ ላይ የሚሰበሰበው ሰው ብዙ ስለ ነበር ድምፁ ለሁሉ እንዲዳረስ ሬዲዮው በእንስራ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እንስራው ያጎላዋል። አንድ የቴአትር ተማሪ ስለ ተመልካችና ስለ መድረክ ግንኙነት ጥናት ሊሠራ ቢፈልግ ከዚያ ደጅ የበለጠ ምን ያገኝ ነበር?

‹‹መልካም፤ እናንተም ትዝታችሁን ጻፉ፤ የእኛን ለምን ትነካላችሁ?›› የሚል ይኖራል። የምንነካው ንጹሕ ስላልሆነ ነው። ያ መስኮት የሚያሳየውንና የማያሳየውን የሚመርጥ መስኮት ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ ለእንግሊዝ ተመልካች አሳየ። የራሳችን ቴሌቪዥን ያንን ፊልም ለአዲስ አበባ ያሳየው ከወራት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው፤ በቤተ መንግሥት ድግስ ምስል እየተቆራረጠ ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። መስኮቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተራበው የተከፈተው ሥልጣን የሚፈልገው ሰው በፈለገ ጊዜ ነበር።

ዐሥር ዓመት እንቁጠር። በ1976 ዓ.ም. ማብቂያና በ1977 መባቻ የኢሠፓ ምሥረታና የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ቴሌቪዥናችን በቀለም መታየት ጀመረ። ዛሬ አርባዎቹን የያዙ ብዙ ትዝታ ጸሐፊዎች ‹‹ቀለም የመጣበት ዓመት›› እያሉ በፍቅር ያነሡታል፤ ባንዲራው፣ ሰልፉ፣ ቀዩ። አንድ ወር ከምናምን በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣውን ምስል ቢቢሲ ለዓለም አሳየ፤ ማይክል ቡርክ ተረከው። የእኛ ቀለም ሰልፉን፣ የዓለም ቀለም ሬሳውን አየ። ድርቁ ደግሞ የወሎን ወሰን ጠብቆ አልቆመም። በሽሎን ተሻግሮ ስማዳንና ጋይንትን ያውቃቸዋል፤ በኋላ በ1997 ዓ.ም. የምግብ ዋስትናው ሴፍቲኔት ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የገቡበት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ዓመት የስማዳ ልጅ አሁን በሕይወት ካለ ዕድሜው ከትዝታ ጸሐፊው ጋር እኩል ነው። ‹‹ቀለም የመጣበት ዓመት›› ለሁለቱ አንድ ዓይነት ትርጉም አለው የሚል ደፋር ይምጣ።

ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም፣ ያየውን ብቻ ነው የሚወደው ይሉናል። ልክ ነው። የሚጽፈው ግን ሕፃኑ አይደለም፤ ዐርባ ዓመት የሞላው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ መዝገብ ማገላበጥ የሚችል ሰው ነው። ከዚህም ሌላ ሕፃኑ ራሱ ከሚሉት የበለጠ ያውቅ ነበር። የከተማዎቹን ትዝታዎች በጥሞና ያነበበ ሰው በውስጣቸው አንድ ደጃፍ ያገኛል። ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ይጎርፋል። ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ አለ፤ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥ አለ፤ እግሩ ቆሽሿል ተብሎ ከበር የሚመለስና በመስኮት ብረት መሐል አንገቱን አስገብቶ የሚያይ አለ። ሳንቲም ያስከፈሉ ቤቶችም እንደ ነበሩ ራሳቸው ይተርካሉ። ይህን ሁሉ በሳቅ ያልፉታል። እግሩ ቆሽሾ የተመለሰው ልጅ ራሱ ያደረገው ይመስል ይስቃል። ከዚህ ሳቅ ውስጥ ጥሩ ቴአትር የሚወጣ ይመስለኛል፤ እስካሁን ግን ሳቁ ብቻ ነው የወጣው።

ወደ ጥገናው እንመለስ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያበሳጨኝ እርሱ ነው።

የከተማው አባት የሚሠራባቸውን ዕቃዎች ስም ስንሰማ ጣሊያንኛ ነው የምንሰማው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስታኞ፣ ስፒና፣ ባልቦላ፣ ናስትሮ። እነዚህን ቃላት ያስገባ ምሁር የለም፤ በጋራዥና በግንባታ ቦታ የሠራው ሠራተኛ ከአለቃው አፍ ነጥቆ አማርኛ አደረጋቸው። የቋንቋችን አካዳሚ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ያለ ደመወዝ ሠርቷል። ትዝታ ጸሐፊዎቻችን ግን እነዚህን ቃላት አያውቋቸውም። ‹‹አባቴ መሣሪያዎቹን አንሥቶ ገመዱን አስተካከለ›› ብለው ያልፋሉ። የትኛውን መሣሪያ? የትኛውን ገመድ? የአባቱን እጅ እንደሚወድ የሚምል ሰው እጁ ምን ይዞ እንደ ነበረ ካላወቀ የሚወደው እጁን ነው ወይስ ራሱን?

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። ባልቦላ ተቃጥሎ አባትየው ‹‹ዳግመኛ እንዳትበጠስ›› ብለው ወፍራም ሽቦ ሲያስሩባት በአድናቆት ሲተረክ ሰምቻለሁ። በባልቦላ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ እኮ የተሠራችው እንድትበጠስ ነው። ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣ ቀድማ ቀልጣ መስመሩን ትቆርጣለች። ወፍራም ሽቦ የታሰረባት እንደ ሆነ አትቀልጥም፤ በእርሷ ፋንታ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቃጠላል፣ ጣሪያው ይያያዛል። ያ አባት ቤቱን ለቃጠሎ ሲያዘጋጅ ነበር ማለት ነው፤ ቤቱ ያልተቃጠለው ዕድል ሆኖ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያውቅ ኖሮ የተሻለ ታሪክ ይጽፍ ነበር፤ በፍቅር የተሠራ አደገኛ ሥራ፣ ሳያውቁ ያሳደጉን አባቶች፣ ከዚያ ሁሉ የተረፍን እኛ። በእጁ የነበረውን ቴአትር በአለማወቅ ጣለው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ዕቃ የጠገነ አባት በግጥም ይወደሳል፤ ማረሻ የጠገነው ግን ምን ተባለ? በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም፣ በቀረው የሰሜን አገርም ብረት ቀጥቃጩ ከመንደር ዳር ተገፍቶ ኖረ፤ ቡዳ ተባለ፤ ልጁን የሚያገባ፣ ማዕዱን የሚቀርብ ጠፋ። ሸማኔው በሙያው ተሰደበ፣ ፋቂው በሙያው ተሰደበ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ከእነዚህ ወረዳዎች ማዶ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያንና በአገሬው እጅ መድፍ ያስቀለጡበት ነው። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ ስትጓዝ መንገዱ እየተጠረገ በጋይንት አድርጋ፣ ጨጨሆን አልፋ ነው የሄደችው። ያንን ያህል ብረት በዚያ ገደል ላይ እየተጎተተ ያየ ሕዝብ ብረት የሚሠራውን ጎረቤቱን መፍራት አልተወም። እንግዲህ ‹‹የሚጠግን እጅ›› በትውልዳችን ዘንድ ክቡር ነበር የሚለን ሰው የማንን እጅ እንደሚል ይንገረን። ካቻቢቴ የያዘ እጅ የሚከበረው ደመወዝተኛ ስለያዘው ነበር። መዶሻ የያዘው እጅ ግን አልተጨበጠም። ኩራዙን ከአሮጌ ቆርቆሮ ቆርጦና በይዶ መብራት የሰጠን ሰው ስሙ የትም የለም፤ ስሙ የቀረው በአሳታሚ ድርጅት ላይ ነው፤ ኩራዝ ተብሎ። ደራሲያኑ የወሰዱት ስሙን ብቻ ነው።

ኩራዝን ለማወደስ አልተነሣሁም፤ ይህ ግልጽ ይሁን። የቴሌቪዥንን ናፍቆት በኩራዝ ናፍቆት መተካት አንዱን ውሸት በሌላው መለወጥ ነው። ኩራዝ ያጨሳል፤ ጥላሸቱ ጠዋት ከልጅ አፍንጫ ይወጣል፤ ጋዝ ሲጠፋ የቤት ሥራ ይቀራል፤ የጋቢ ጫፍ ሲነካው የሚሆነውን የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ያውቃል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው በዚያ ጭስ ውስጥ ነው። ይህን የሚያወድስ ሰው ያልኖረበት ነው።

ጨለማው የራሱ ጥበብ እንደ ነበረው ግን መካድ አይቻልም። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ዓመታት ቆይቶ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ዜማውን በቃሉ ይዞ ይመለስባት ነበር። የቃል ትምህርት የሚሰጠው በማታ ነው፤ መጽሐፍ ስለማይገለጥ መብራት አያስፈልገውም። መምህሩ ከጨለማው አንድ ወገን ያሰማል፤ ተማሪው ከሌላው ይቀበላል። ከመሣሪያ በፊት የነበረ ሥርጭት ነው፤ ተቀባዩም ራሱ ማሠራጫ ይሆናል። የትኛውም ተማሪ ‹‹የልጅነታችን ድጓ›› ብሎ ሲያለቅስ አልሰማንም፤ ሥራው ማልቀሻ ጊዜ ስለማይሰጥ ይሆናል።

የእነዚህ ወረዳዎች ብዙ ልጆች ቴሌቪዥን ያዩት የት እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? መምህራን የሆናችሁ አንባቢያን ታውቃላችሁ። በክፍል ውስጥ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ‹‹ፕላዝማ›› ተጀመረ። ከተረት ሰሚነት ወደ ዘጠነኛ ክፍል የገባ የገጠር ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነው ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ፣ ያለ ዕረፍት፣ በደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀ ትምህርት ተናገረው። ሊጠይቀው አይችልም፤ ‹‹ይድገሙልኝ›› ሊለው አይችልም። አስተማሪው በመግቢያና በመውጫ ጥቂት ደቂቃዎች ተሰጥቶት ከጎን ቆመ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አለፈ፤ ሳተላይቱ ንፋስ መውጫን አይጠብቅም። ቆይቶ በየትምህርት ቤቱ መስኮቱ ጠቆረ። ከዚያስ? የጠገነው አልነበረም። በሲጋራ ወረቀትና በሰም ሬዲዮ ያስነሡ ሰዎች ልጆች በተማሩበት ክፍል አንድ ሽቦ የሚፈታ ሰው አልተዘጋጀም፤ መለዋወጫ አልመጣም፤ ዕቃው በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ። በሕዝቡ ዘንድ የነበረው የጥገና ዕውቀትና በመንግሥት ገንዘብ የመጣው መሣሪያ ሳይተዋወቁ ተላለፉ። ይህ ለአንድ ሙሉ ቴአትር የሚበቃ ነገር ነው፤ ትራጄዲም ኮሜዲም አለበት። የእኛ ተውኔት ጸሐፊዎች ግን አንቴና ላይ ናቸው።

ናፍቆት የሚለውን ነገር ፈረንጆች በመጀመሪያ እንደ በሽታ ነበር የቆጠሩት። በ1688 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ ከአገራቸው ርቀው የሚማቅቁ ስዊዞችን ሕመም ‹‹ኖስታልጂያ›› አለው። የተለየውን ቤት የሚናፍቅ ሰው ሕመም ነው፤ ቤት የነበረው ሰው ሕመም። የእኛም ትዝታ፣ በቅኝቱም ሆነ በቃሉ፣ ያጣውን ያውቃል፤ ስም አለው፣ መንገድ አለው፣ የሄደበት አገር አለው። አሁን የተስፋፋው ግን ሌላ ነገር ነው። የስማዳ ልጅ ከከተማ ገብቶ ያልነበረውን መናፈቅ ይማራል፤ ምክንያቱም ትውልድ መባል የሚገኘው በዚያ በኩል ብቻ መስሎ ስለሚታየው ነው። የራሱን ልጅነት እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዝም ይላል፤ ‹‹እኛ ቴሌቪዥን አልነበረንም›› ማለት እንደ ውርደት ይሰማዋል። የሚያፍርበትን ልጅነት የሚጽፍ ሰው ደግሞ የለም። እንዲህ እንዲህ እያልን ከ50 ዓመት በኋላ የሚነሣ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንቴና ያዞር ነበር ብሎ ይጽፋል፤ ማስረጃውም የእኛ ግጥሞች ይሆናሉ።

የባህል ጉዳይ ኃላፊነት የተሰጣችሁ ካድሬዎች በዚህ ረገድ ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። የበዓል ዝግጅት ሲታሰብ ከገጠሩ የምትፈልጉት እስክስታና የባህል ልብስ ብቻ ነው። ከጋይንት የሚመጣ ቡድን ጎራዴ ይዞ እንዲጨፍር ይጠየቃል፤ ሬዲዮ የጠገነ፣ ፕላዝማ የተመለከተ፣ በፀሐይ ኃይል ስልክ የሚሞላ ሰው ሆኖ መድረክ ላይ እንዲቆም አይጠየቅም። ዘመናዊነት ለከተማው፣ ጥንታዊነት ለገጠሩ ተከፋፍሏል። ትዝታ ጸሐፊውና የበዓል አዘጋጁ ሳይመካከሩ አንድ ሥራ ይሠራሉ።

ጉዳዩ ደግሞ ያለፈ ጉዳይ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። የእስቴና የስማዳ እግር ሥር የሚያልፈው ያው ውኃ ጉባ ላይ ተርባይን ያዞራል። ለግድቡ ከእነዚህ ወረዳዎች ገበሬና መምህር ቦንድ ገዝቷል፣ ከደመወዙ ቆርጧል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2025 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መብራት ለሁሉ እንዲዳረስ ዕቅድ ይዞ ነበር፤ ዓመቱ ደርሶ አልፏል፤ መብራት ያላገኘው ወገን ግን ዛሬም በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በጦርነቱ ተይዛ በሕዝቧ ላይ ግፍ ሲፈጸም፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮም በክልሉ ግጭት ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በዚያ ያለው ሕዝብ ዜናውን በምን ሰማ? አሮጌውን ሬዲዮ ከቆጥ አውርዶ ድንጋይ የገዛ ሰው አልነበረምን? ይህን የጠየቀ ተውኔት ጸሐፊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የገበያው ሬዲዮ ጠጋኞች እያረጁ ነው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የሠሩባቸው ብረቶች፣ የሰበሰቧቸው የሬዲዮ ሆዶች፣ በክር የታሰሩ ቁልፎች አሁንም በቤታቸው አሉ። የልጅ ልጆቻቸው በመካነ ኢየሱስና በወገዳ መንገድ ዳር በጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው የእጅ ስልክ ይፈታሉ። በእጃቸው ያለችው ካቻቢቴ ከስንዴ ዘለላ የምትቀጥን ናት፤ ለክፍሎቹ የሰጧቸውን ስም እስካሁን በመዝገብ ያሰፈረ የለም። በየወረዳው ያላችሁ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ቅዳሜ ወደ እነዚህ ሱቆች ላኩ፤ የዕቃዎቹን ስም ይመዝግቡ፣ ሽማግሌውን ‹‹መጀመሪያ የጠገንኸው ምን ነበር፣ ማን አስተማረህ፣ ምን ተከፈለህ?›› ብለው ይጠይቁ። የተጻፈውን ለዚህ መጽሔት ላኩ። የሚቀጥለው የግጥም ምሽት በአዲስ አበባ ሲዘጋጅም ‹‹ልጅነታችን›› የሚል ርእስ ያለው ሰው ከማንበቡ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፤ አባትህ የያዙት ምን ነበር?